ባቡሩን ለጊዜው ተዉትና ስለ ጣቢያው ጻፉልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዬ ትንሽ ይረዝማል። ቦታ ከጠበባችሁ ከመሃሉ ቀንሱ እንጂ ጫፉን አትቁረጡብኝ፤ የምጠይቃችሁ ነገር እዚያ ነው ያለው።

ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር በተጻፈ ቁጥር የሚቆጠረው አንድ ነገር ነው። ስንቱ ይሄዳል፣ ስንቱ ቆሟል? ከቻይና ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ዴፖ ውስጥ መቀመጣቸውን፣ መለዋወጫው ደግሞ ዶላር እንደሚጠይቅ እስኪበቃን ሰምተናል። እውነት ነው፣ አልከራከርም። የሚገርመኝ ስለ ጣቢያዎቹ ትንፍሽ የሚል መጥፋቱ ነው። ባቡሩ በዛም አነሰም ሰው የሚሳፈረው ከጣቢያ ነው። ጣቢያ ደግሞ ደረጃ ነው፣ መብራት ነው፣ ጣሪያና ምልክት ነው። አብዛኛውን ለማስተካከል ዶላር አይጠይቅም። ሲሚንቶና ቀለም፣ እንዲሁም ነገሬ የሚል ሰው ይበቃል።

የምጽፈው ስለ አምስቱ ብቻ ነው። ስታዲየም፣ ለገሀር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ እና ልደታ። ከመሬት ተነስተው በድልድይ ላይ የተቀመጡት፣ ሁለቱም መስመሮች አብረው የሚጠቀሙባቸው ጣቢያዎች ማለት ነው። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው አረንጓዴው መስመር 22 ጣቢያ አለው። ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወጣው ሰማያዊውም እንደዚሁ 22 ነው። ስትደምሩት 44 ይመጣል፤ የሚባለው ግን 39 ነው። የጎደሉት አምስቱ እነዚህ የጋራዎቹ ናቸው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለው መንገድ 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ በእግር ቢኬድ እንኳ ብዙ አያስኬድም። ነገር ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ሐዲድ በሙሉ ህልውናው በዚህች ቁራጭ ላይ ነው። እዚህ አንድ ባቡር ከቆመ አያትም ቃሊቲም ይሰማዋል።

ታሪኩን ከለገሀር ብነሳ ይሻላል። ምክንያቱም እዚያ ሁለት ጣቢያዎች ተፋጠዋል፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ።

የታችኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ በ1895 ገደማ ደረሰ። ከዚያ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ሽኩቻ ሲጓተት ከርሞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። አሁን የምናየው ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ፣ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ለፊቱ ቆመ። ጣሊያን ሐውልቱን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር፤ የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

እኔን የሚማርከኝ የዚያ ጣቢያ አቀማመጥ ነው። ሕንፃው የቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርዶ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ከላይ ከማዘጋጃ ቤቱ በኩል የምትወርድ ከሆነ መንገዱ ራሱ ወደ ባቡሩ ይመራሃል። ከድሬዳዋ የመጣ እንግዳ ደግሞ ከሐዲዱ ወርዶ፣ አዳራሹን አቋርጦ በፊት ለፊቱ በር ሲወጣ ከተማዋ ሽቅብ ተዘርግታ ትጠብቀዋለች። ጣቢያው በርና ፊት ነበረው። ሰው ሻንጣውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ዘመዱን የት ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ጋሪው የት እንደሚቆም ሁሉ ቦታ ቦታ ነበረው። ይህን የሠሩት ሰዎች ባቡር ብቻ አልነበረም ያሰቡት፣ ስለሚመጣውና ስለሚሄደው ሰውም አስበዋል።

የላይኛው ጣቢያ ሌላ ነው። የቀላል ባቡሩ ግንባታ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ዋጋው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። የከተማዋ ሰው ያንን ጊዜ የሚረሳው አይመስለኝም። አቧራው፣ የተቆፈረው መንገድ፣ የተዘጋው ማቋረጫ! የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ በ2005 ከቦታው ተነስቶ የተመለሰው በ2008 ነው። ከዚያ ሰማያዊው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ አረንጓዴው ጥቅምት 29። ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። የመጀመሪያው ሰሞን ሰው ሥራ ኖሮት ሳይሆን እንዲሁ ለማየት ይሳፈር ነበር። ልጆች ይዞ፣ ፎቶ እያነሳ፣ ከላይ ሆኖ ሰፈሩን እየጠቆመ።

ለምን ከፍ ተደረገ የሚለውን ብዙ ሰው በውበት ነው የሚያየው፤ «ከተማውን ኮንክሪት አለበሱት» ይላል። ነገሩ ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው። አስቡት፣ በእያንዳንዱ መስመር በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር ቢያልፍ በጋራው ሐዲድ ላይ በየ3 ደቂቃው አንድ ባቡር ይመጣል። ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። የመልሱ ሲጨመር በየደቂቃ ተኩሉ አንድ ባቡር ያልፋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ባቡር ሜክሲኮ አደባባይን በመሬት ቢያቋርጥ ኖሮ መኪናው መቼ ነበር የሚያልፈው? ለባቡሩ ሲባል በተዘጋ ቁጥር ከቄራም፣ ከሳር ቤትም፣ ከለገሀርም የሚመጣው መኪና እርስ በርሱ ይቆላለፍ ነበር። ስለዚህ ወይ ከታች መቆፈር ነበረበት፣ ወይ ከላይ መሄድ። መቆፈሩ እጅግ ውድ ነው። ከላይ ሄዱ።

እንዲያውም አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። ከባቡሩ መስመር ሁሉ ለእግረኛ ደግ የሆነው ይሄ ከፍ ያለው ክፍል ነው። በመሬት የሚሄደውን እዩት። መሃል መንገድ ላይ አጥር ተሠርቶለት፣ እዚህ ማዶ ያለ ሱቅ እዚያ ማዶ ካለ ደንበኛው ተለያይቷል። በአንድ ድምፅ የሚጠራሩ ጎረቤቶች ዛሬ ለመገናኘት መሻገሪያ ፍለጋ ረጅም መንገድ መዞር አለባቸው። አጥር ዘሎ የሚሻገረውንም እናያለን፣ አደጋውንም እንሰማለን። በድልድዩ ስር ግን ሰው እንደ ልቡ ያልፋል። ሐዲዱ ከላይ በመሄዱ መሬቱ ለሰው ቀረ። የተረፈውን መሬት ምን አደረግንበት የሚለው ነው ጥያቄው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ አቀማመጡ ላውራ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ሰማያዊው መስመር ስሙ ሰሜን ደቡብ ይባል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከቃሊቲ በሳሪስ፣ በላንቻ፣ በመሿለኪያ አድርጎ ወደ ሰሜን ይመጣና ስታዲየም ላይ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ከአረንጓዴው ጋር በአንድ ሐዲድ እስከ ልደታ ይሄዳል። ልደታ ላይ ይለያዩና አረንጓዴው ወደ ጦር ኃይሎች ይቀጥላል፤ ሰማያዊው በአብነትና በአውቶቡስ ተራ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በጋራው መንገድ ላይ ሁለቱም የሚሄዱት ወይ ወደ ልደታ ነው ወይ ወደ ስታዲየም።

ይህ ለተሳፋሪ ምን ማለት ነው? ከአያት መጥተህ አውቶቡስ ተራ ወይም ምኒልክ አደባባይ የምትሄድ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከአምስቱ በፈለግከው ውረድና እዚያው የወረድክበት ቦታ ቆመህ ሰማያዊውን ጠብቅ። የትኛውም ቢሆን ያው ነው፣ የሚመጣው ባቡር አንድ ነው። (ምክር ከፈለጋችሁ ተግባረ ዕድ ይሻላል፤ ሜክሲኮ ግፊያው ልክ የለውም።) ከአያት መጥተህ ሳሪስ ወይም ቃሊቲ የምትሄድ ከሆነ ግን ስታዲየም ላይ መውረድ አለብህ፣ አልፈህ ከሄድክ መመለስህ ነው። ወርደህም እዚያው ብትቆም ምንም አይመጣልህም። የቃሊቲው ባቡር የሚመጣው ከልደታ በኩል፣ በሌላኛው ሐዲድ ነው። ከጦር ኃይሎች ተነስቶ መርካቶ የሚሄድ ሰውም ልደታ ላይ ይኸው ይገጥመዋል። ወደ ስታዲየም በሚሄደው ሐዲድ መጥቶ ወደ ማዶው መዞር ይኖርበታል።

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን የለብንም፣ አንድ ጥሩ ሥዕል ይበቃል። ሰው ግን ከሥዕል ይልቅ ሰው ሲጠይቅ ነው የማየው። «እናቴ፣ ይሄ የት ነው የሚሄደው?» «ኧረ እኔም እንግዳ ነኝ።» ደጃፉ ላይ ያለው ወጣት ጮክ ብሎ «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ካላለ ግማሹ ሰው ያመልጠዋል። ባቡሮቹ ራሳቸው አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል እኮ! ይኸው ቀለም ከደረጃው ስር ጀምሮ በትልቁ ቢሰመር ማንበብ የማይችል ሰውም ይገባዋል። ቀስቱን ተከትሎ ይወጣል፣ አለቀ። የዚህ ወጪ የአንድ ባቡር ጎማ ዋጋ አይሆንም።

የሌሎች አገሮችን ታሪክ ማንሳት ስለምወድ ትንሽ ታገሱኝ። ከፍ ያለ የከተማ ባቡር አዲስ ነገር አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ በመንገድ ላይ በብረት ምሰሶ የቆመ ሐዲድ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ መጀመሪያ የሚጎተተው በገመድ ነበር፣ ቆይቶ በእንፋሎት ሆነ። ጭሱና ፍሙ ከታች በሚያልፈው ሰው ላይ ይረግፍ ነበር። መንገዶቹ ጨለማ ሆኑ፣ ሰው ተማረረ፣ የምድር ውስጥ ባቡር ሲመጣ የማንሃተኖቹ መስመሮች አብዛኞቹ ፈረሱ። የመጨረሻው ትልቅ መስመር እዚያ የተዘጋው በ1955 ነው።

ቺካጎ ግን አላፈረሰችም። መሃል ከተማዋን የሚከበው ከፍ ያለ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጠናቆ ዛሬም ይሠራል። አምስት መስመሮች ይጋሩታል። የእኛን የስታዲየምና የልደታ ጣጣ እነሱ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረውበታል፤ አንዱ መስመር ሲዘገይ ሌላውን ይጎትታል። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «የጋራ ሐዲድ መሥራት ስህተት ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ። ስህተት ነው ብዬ አላምንም። ጥብቅ አያያዝ የሚፈልግ አሠራር ነው እንጂ። በጋራው ሐዲድ ላይ የሚቆም ባቡር ቶሎ ካልተነሳ መላው ከተማ ይቆማል። ስለዚህ ጥገና ሲታሰብ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእነዚህ 2.7 ኪሎ ሜትሮች መሆን አለበት።

ሊቨርፑል ደግሞ ያስፈራኛል። እ.ኤ.አ. በ1893 በወደቡ ዳር የተከፈተው ባቡሯ በዓለም የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ከፍ ያለ ባቡር ነበር። የወደብ ሠራተኞች ዝናብ ሲመጣ ከስሩ እየተጠለሉ ጃንጥላችን ይሉት ነበር። ብረቱ እያረጀ ሄደ፣ የጥገናው ወጪ ከባለቤቶቹ አቅም በላይ ሆነ፣ በ1956 መጨረሻ ተዘጋና ፈረሰ። ሰው አልጠላውም፣ ሰልፍ ወጥቶ አትዝጉብን ያለም ነበር። የገደለው ከዓመት ዓመት የተላለፈ ጥገና ነው።

ለእኛ ግን ከሁሉም የቀረበችው ባንኮክ ናት። ባቡሯ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲከፈት ሁሉም ጣቢያዎች ከመንገድ በላይ ነበሩ። ሊፍት የተገጠመላቸው ግን ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። አካል ጉዳተኞች ተቃወሙ፣ ከተማዋን ፍርድ ቤት አቆሙ፤ ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2015 ፍርድ ቤቱ ለሁሉም ጣቢያ ሊፍት ይገጠም ብሎ ፈረደ። ከዚያች ከተማ ሌላም የሚቀዳ ነገር አለ። በጣቢያዎቹ ላይ በመንገዱና በሐዲዱ መካከል አንድ ፎቅ አለ። ትኬት የሚቆረጠው እዚያ ነው፣ አቅጣጫ የሚመረጠውም እዚያ ነው። ባቡር የማይፈልግ ሰውም በዚያ ፎቅ አድርጎ ከመንገዱ አንዱ ዳር ወደ ሌላው ይሻገራል። ጣቢያው የእግረኛ ድልድይም ሆነ ማለት ነው። እኛ ለእግረኛ ድልድይ ለብቻው፣ ለጣቢያ ለብቻው ስናወጣ እነሱ በአንድ ምሰሶ ሁለቱን ተሸክመዋል።

ወደ ደረጃው ልመለስ። ቀላል ባቡሮቻችን ወለላቸው 70 በመቶ ዝቅ ያለ ነው። ከመጠበቂያው ወደ ውስጥ ለመግባት እግር ማንሳት እንኳ ብዙም አያስፈልግም። ይህ በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው እንዲመቸው ተብሎ የሚመረጥ አሠራር ነው። ነገር ግን እዚያ ዝቅ ያለ ወለል ላይ ለመድረስ መጀመሪያ ከአስፋልቱ በላይ ያለውን ደረጃ ሁሉ መውጣት ካለብህ ዝቅታው ምን ጠቀመ? ስሙን የማልጠራው አንድ ጣቢያ ላይ እናቶች መሃል ደረጃ ላይ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ሲያርፉ ማየት የተለመደ ነው። «እማማ ያምጡት» የሚል ልጅ አይጠፋም፣ ወገኖቻችን ለዚህ ለዚህ አይታሙም። ግን ከተማ በሰው ደግነት ላይ ተማምኖ ጣቢያ አይሠራም። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለውን ሰው ደግሞ ከእነጭራሹ አላየውም። ለምን አይመጣም? ብሎ የሚጠይቅም የለም። ሊወጣ ስለማይችል ነው የማይመጣው።

ደረጃ መውጣት ለወጣት ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። ጠዋት እውነት ነው። ከሥራ መልስ፣ ከሰልፍ በኋላ፣ ዝናብ ላይ፣ ተገፋፍተህ ስትወጣ ግን ሌላ ነው። የሚወጣውና የሚወርደው በአንድ ደረጃ ላይ ይጋጠማል። ባቡር መጣ ሲባል ከታች ያለው ይሮጣል፣ ከላይ የወረደው ደግሞ ለመውጣት ይታገላል። ኪስ አውላቂውም እንደናንተ አንባቢ ነው፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠንቅቆ ያውቃል። ደረጃው መሃል ላይ አንድ የብረት መደገፊያ ቢቆምና ግራው ለሚወጣ፣ ቀኙ ለሚወርድ ቢባል ግማሹ ትርምስ ይቀል ነበር።

ወደፊት መስመሩ ይራዘማል፣ አዲስ ጣቢያ ይሠራል ከተባለም አንድ ነገር ከአሁኑ ይታሰብ። ከፍ ያለ ጣቢያ በሁለት መልክ ይሠራል። አንዱ መጠበቂያውን በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ማድረግ ነው። ያኔ አንድ ደረጃና አንድ ሊፍት ለሁለቱም አቅጣጫ ይበቃል፤ ከአያት ወደ ቃሊቲ የሚዞረውም ሰው ፊቱን ብቻ አዙሮ ይጠብቃል። ጉዳቱ ሐዲዶቹ ጣቢያው ጋ ሲደርሱ መራራቅ ስላለባቸው ድልድዩ እዚያ ይሰፋል። ሌላው መጠበቂያውን በግራና በቀኝ ዳር ማድረግ ነው። ድልድዩ ቀጥ ይላል፣ ሥራው ይቀላል። ነገር ግን ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ይሆናል። ሁለት ደረጃ፣ ሁለት ሊፍት፣ ሁለት ትኬት ቆራጭ። የተሳሳተ ዳር የወጣ ሰው ደግሞ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ እንደገና መውጣት አለበት። አገራችን ሊፍት በቀላሉ የምትጠግን አይደለችም፣ እንተዋወቃለን። ሁለት ሊፍት ገዝቶ ሁለቱም ከሚቆሙ አንድ ተገዝቶ በደንብ ቢጠበቅ ይሻላል። መስመር በሚቀያየርበት ጣቢያ ላይ እኔ ያለ ጥርጥር የመሃሉን ነው የምመርጠው።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት የድልድዩ ስር ጉዳይ አለ። ሐዲዱን ሰማይ ላይ አውጥተን መሬቱን አተረፍን። ያተረፍነው መሬት ግን የማንም አይደለም። ጣቢያው ደጃፍ የለውም። ከለገሀር አሮጌው ጣቢያ ጋር ሳነጻጽረው የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እዚያ በሩን ማንም አይስተውም፤ እዚህ ደረጃው ከምሰሶ ጀርባ ብቅ ይላል። ትኬት የሚሸጥበት ትንሽ ሳጥን ቤት አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ነው። ሰልፉ የእግረኛ መንገዱን ይዘጋል። ሚኒባሱ ባሰኘው ይቆማል፣ ወያላው ይጮሃል። ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ካርድ የሚሸጠው ልጅ ጥላ ፍለጋ ከስር ይሰበሰባሉ፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ይበተናሉ፣ ሲሄድ ይመለሳሉ። እኔ ይበተኑ አልልም። እንዲያውም ጣቢያውን ሲመሽ ከማስፈራት ያዳኑት እነሱ ናቸው። ቦታ ይሰጣቸው። የትኬት መስኮት፣ የታክሲ መቆሚያ፣ መጸዳጃ ቤት፣ መቀመጫ፣ በደንብ የሚበራ መብራት ከድልድዩ ስር ቢደረደር ጣቢያ ማለት እሱ ነው። ጣሪያው ተሠርቶ አልቋል እኮ፣ ከላይ ባቡር እየሄደበት ነው!

ለገሀር ላይ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው። የአሮጌው ጣቢያ ግቢና ዙሪያው ሰፊ የልማት ፕሮጀክት እንደሚሠራበት ከተነገረ ቆይቷል። የአገር አቋራጩ ባቡር ከ2009 ጀምሮ መነሻው ፉሪ ለቡ ሆኗል። ከድሬዳዋ የሚመጣ ሰው ከከተማው ዳር ይወርዳል፣ ቀላል ባቡሩ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ሁለት ባቡር ኖሮን ሁለቱ ሳይገናኙ ቀሩ። ይህን ለማስተካከል ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ይገባኛል። የለገሀርን የላይኛውን ጣቢያ ከታችኛው ግቢ ጋር ማገናኘት ግን ከባድ አይደለም። ከመጠበቂያው በቀጥታ ወደ ግቢው የሚወርድ ሰፊ፣ ተዳፋት ያለው መተላለፊያ ቢሠራ ሰው መኪና ሳያቋርጥ፣ ደረጃ ሳይወርድ አሮጌው ሕንፃ ፊት ይደርሳል። አሁን ከቸርችል ቁልቁል ስታዩ የድልድዩ ኮንክሪት ከሕንፃው ፊት ያልፋል። ድልድዩን ማፍረስ አንችልም፣ አያስፈልግምም። ቢያንስ ሁለቱ ጣቢያዎች ጀርባ ሰጥተው አይቁሙ። መስቀል አደባባይ ስር ለመኪና ማቆሚያ ብለን ቆፍረን የለ? ለእግረኛ አንድ መተላለፊያ አይበዛም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እባካችሁ ጋዜጠኛ ላኩ። ወደ ቢሮ ሳይሆን ወደ አምስቱ ጣቢያዎች። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከደረጃው ስር ይቁም፣ ሜክሲኮ ቢጀምር ጥሩ ነው። የሚሳፈረውን ብቻ አይጠይቅ። አጠገቡ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀውን፣ ቀና ብሎ ባቡሩን አይቶ የማይወጣውን ይጠይቅልን። ለምን አልወጡም? ዘግይቶ ነው፣ ሞልቶ ነው፣ ደረጃው ነው፣ ሲመሽ ፈርተው ነው፣ ወይስ የት እንደሚሄድ ስለማያውቁ? መልሱ ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ባቡር ብቻ ብንጨምር የሚጠቅመን እስከ ተወሰነ ነው። ከዚያ የሚመለከተውን አካል ሦስት ነገር ጠይቁ። ለከፍታዎቹ ጣቢያዎች የሊፍትና የተዳፋት መውጫ ዕቅድ አለ ወይ? ከድልድዩ ስር ያለው መሬት ኃላፊው ማን ነው፣ ባቡሩ ነው፣ ክፍለ ከተማው ነው፣ ወይስ የመንገዶች ባለሥልጣን? የለገሀር ልማት ንድፍ ላይ የላይኛው ጣቢያ በር ተስሎለታል ወይ?

ንድፉን ካገኛችሁ ደግሞ በትልቁ አትሙልን፣ ከነስፋቱ፣ ሰው አይቶ አስተያየት እንዲሰጥበት።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሳሪስ